ረቡዕን የማትረሳው የወልዲያዋ ፋርማሲስት

ስሜን እንዳትጽፊ ብላኛለች። እሺ ብያለሁ። ዝም ማለቱ ግን አልሆነልኝም።

እናቴ የሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚ ናት። ሰፈራችን ለዓመታት «ብርድ ነው» ሲላት ኖሯል። ጣቶቿ ሲያብጡ ዋግምት፣ ጉልበቷ ሲያያዝ ጸበል፣ ሲብስባት ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ። ሪህ ነው ብለው ሥጋ የከለከሏትም ነበሩ። ሥጋ እኮ የምታየው በዓል ሲመጣ ነው! ትክክለኛ ስሙን የሰማነው አዲስ አበባ ወስደን ስናሳክማት ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። ይህን ጥቃት የሚያረግቡ ሁለት መድኃኒቶች፣ ሜቶትሬክሴትና ፕሬድኒሶሎን፣ ጀመረች። ወራት ቆይቶ የቡና ጀበናዋን በራሷ እጅ ማንሳት ቻለች።

ከዚያ ጦርነቱ ደረሰ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልዲያ ስልክ የለ፣ መብራት የለ፣ ባንክ የለ። አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያኔ ግን ሰማይ ሆነብን። ሜቶትሬክሴቱ ቀድሞ አለቀ። ከፕሬድኒሶሎኑ ወደ 50 ፍሬ ቀረ። በቀን ሁለት ሁለት ስትውጥ አንድ ወር አይሞላም። እኔ «እስኪያልቅ ትውሰድ፣ ከዚያ እግዜር ያውቃል» ብዬ ነበር።

ፋርማሲስቷ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ይተዋል። በአንዴ ሲቋረጥ ግፊት ወርዶ ሰው ሊሞት ይችላል። ከልጇ ደብተር ላይ ቅጠል ቀደደችና ጻፈች፦ ሁለት ሳምንት አንድ ተኩል፣ ሁለት ሳምንት አንድ፣ ቀጥሎ ግማሽ ግማሽ። ክኒኑን በምላጭ ከፍላ አሳየችኝ። ፍርፋሪውን ሳይቀር በወረቀት ጠቀለለችው። (ይህ ለእናቴ የተሰላ ነው፤ ማንም እንዳይገለብጠው።)

እናቴ አልተሰቃየችም አልልም። እብጠቱ ተመለሰ፤ ሁለት ጣቶቿ እንደተጣመሙ ቀሩ። ግን አልወደቀችም። ፋርማሲስቷም በየሁለት ሦስት ቀኑ በእግሯ እየመጣች ታያት ነበር። ደመወዝ በሌለበት ጊዜ ነው የማወራችሁ።

መንገድ ሲከፈት ሜቶትሬክሴቱ እንደገና ታዘዘ። እዚህ ላይ ሌላ ጉድ መጣ። መድኃኒቱን የገዛንበት ቦታ ካርቶኑ ላይ «በቀን አንድ ጊዜ» ብሎ ጽፎልናል። ይህ መድኃኒት ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲታዘዝ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው! በየቀኑ ከተወሰደ ደም የሚሠራውን የአጥንት መቅኒ ያደክማል፣ ይገድላልም። ፋርማሲስቷ ባታየው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ጽሑፍ ነበር።

«እማማ፣ ረቡዕን ይረሳሉ?» አለቻት።

«ጾም አይደል እንዴ ልጄ፣ እንዴት እረሳለሁ!»

በቃ። ረቡዕ ሜቶትሬክሴት፣ ዓርብ ጉዳቱን የሚያቀልለት ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲድ። እሷ ሙስሊም ናት፤ የእናቴን የጾም ቀን ግን ከእኔ በላይ ትቆጥራለች። ጠላና አረቄም ለጉበት ሲባል ተከለከለ። እናቴ እስካሁን ያኮረፈችው በዚህ ነው፣ በተለይ በጠላው።

በ2015 መጨረሻ በክልላችን ግጭቱ ሲያገረሽ፣ መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ ያለፈው አልደገመንም። መንገድ ክፍት በሆነ ቁጥር የሦስት ወር መድኃኒት አስይዛናለች። የደምና የጉበት ምርመራ ቀኑንም እሷ ናት የምታስታውሰን።

ወልዲያና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ጠዋት ስትነሱ ከአንድ ሰዓት በላይ እጃችሁ አልታዘዝ የሚላችሁ፣ የሁለቱም እጅ መገጣጠሚያ አብጦ ሳምንታት ያለፋችሁ፣ መርፌ ብቻ እየተወጋችሁ አትቀመጡ። ሐኪም ይያችሁ። መድኃኒት የጀመራችሁ ደግሞ ወደ እሷ ሂዱ። ሐኪም አይደለችም፤ ይህንን ደጋግማ የምትናገረው ራሷ ናት። ከአቅሟ በላይ የሆነውን ወደ ስፔሻሊስት ትልካለች። የምትሠራበትን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ትቆጣለች፣ አትቀየሟት። ስትሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ ባዶ ካርቶኑን ሳይቀር፣ በፌስታል ያዙ። ያለዚያ ሄዳችሁ አምጡ ብላ ትመልሳችኋለች። እኔን ሁለቴ መልሳኛለች።