ጥርስ ለሚነዝረው፦ ተራው ሳሙና፣ ውዱ ቱቦ ወይስ የሐኪም ቅብ?

ባለፈው አንድ የባጃጅ ሹፌር የመድኃኒት ቤታችን ባንኮኒ ላይ ተደግፎ "ዶክተር፣ ቀዝቃዛ ሲነካው ጥርሴን ይነዝረኛል፤ ጠንከር ያለ ኮልጌት ስጠኝ" አለኝ። ሁለት ቱቦ አወረድኩለት። ጀርባቸውን ሲያገላብጥ አንዱ 0.76 በመቶ፣ ሌላው 0.32 በመቶ ይላል። "በቃ ይሄ ይበልጣል" ብሎ 0.76ቱን ያዘ። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። 0.76ቱ ሶዲየም ሞኖፍሎሮፎስፌት ስለሆነ የሚገኝበት ፍሎራይድ (ጥርስ የሚያጠነክረው ማዕድን) 1000 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ 1000 ገደማ ነው፤ 0.32ቱ ሶዲየም ፍሎራይድ 1450 ይደርሳል። ስለዚህ በመቶውን ትታችሁ ፒፒኤሙን ፈልጉ። የልጆቹ ላይ በተለይ ዓይናችሁን ክፈቱ፤ ሽታቸው የሚጥም ሆኖ ፍሎራይድ የሚባል የሌለባቸው አሉ።

ኢናሜል የሚባለው የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን ሕያው ሕዋስ የለውም፤ አንዴ ከተቦረቦረ አይበቅልም። ቀዳዳ እሞላለሁ የሚል ቱቦ ካያችሁ ውሸት ነው። የሚጠገነው ገና ሳይበሳ፣ አሲድ ማዕድኑን አሟጥጦት ኖራ የመሰለ ነጭ ነጥብ ሲታይ ነው። ያኔ ከምራቅ ካልሲየምና ፎስፌት ተመልሶ ይገባል። ፍሎራይድ ሲጨመርበት አዲሱ ማዕድን ከቀድሞው ይጠነክራል፦ የተፈጥሮው ፒኤች (የአሲድ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 5.5 አካባቢ መሟሟት ሲጀምር፣ ፍሎራይድ የያዘው እስከ 4.5 ገደማ ይቋቋማል።

ናኖ ሃይድሮክሲአፓታይት የያዘ ሳሙናም አለ፤ ንጥረ ነገሩ ጥርሱ ራሱ የተሠራበት ማዕድን እጅግ የደቀቀው ዱቄት ነው። ጃፓን ውስጥ ከ1993 ጀምሮ የጥርስ መበስበስን ለመከላከል እውቅና አለው፤ ንዝረትም ያስታግሳል፤ የሚውጥ ሕፃን ላለው ቤት ደግሞ ልብ ያሳርፋል። ባሕር ዳር ላይ እኔ ያየሁት ግን በዘመድ ሻንጣ የመጣ ነው፤ ሲያልቅ ሌላ ዘመድ መጠበቅ ነው። ማስረጃው የበረታው ለፍሎራይድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ባለ ፍሎራይዱን ሳሙና በ2021 አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ገንዘቡ ካላችሁ ናኖውን አልከለክልም፤ አንዱን ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ ግን 1450ውን እመርጣለሁ።

ከወተት ፕሮቲን (ከኬዚን) የሚሠራው ክሬም ሌላ ነው። ሳሙና አይደለም፤ ጥርስ ከተቦረሸ በኋላ ይቀባል። አፋቸው ለሚደርቅና የጥርስ ብረት አስረው ነጭ ነጥብ ለወጣባቸው ይመቻል። የወተት አለርጂ ያለበት አይንካው። ጾም ላይ "ይፈሰክ ይሆን?" የሚሉኝ አሉ፤ እሱን ለነፍስ አባታቸው ትቼዋለሁ።

ለንዝረት ብቻ ከሆነ፣ ፖታሲየም ናይትሬት ያለበት ነርቩን ያደነዝዛል፤ ኖቫሚን (ካልሲየምና ፎስፌት የሚለቅ ዱቄት) ያለበት ደግሞ ቅዝቃዜውን ወደ ነርቩ የሚያደርሱትን በዓይን የማይታዩ ክፍት ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ የተበሳ ጥርስ ግን አይሞላም። ሁለተኛውን እወዳለሁ። የከሰል ሳሙና ይፍቃል እንጂ አይጠግንም። የወይራ መፋቂያም ጥሩ ነው፤ ግን ፍሎራይድ ስለሌለው ከሳሙናው ጋር እንጂ በሳሙናው ፋንታ አይሁን። ወንጂ ወይም ዝዋይ አካባቢ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ከሆነ ደግሞ ያ የውኃው ፍሎራይድ ነው፤ በሳሙና አይለቅም።

ነጭ ነጥብ ላለበት ልጅ ግን ውድ ቱቦ ከመደርደር የጥርስ ሐኪም ጋ ወስዶ ቫርኒሽ ማስቀባት ይሻላል። 22,600 ፒፒኤም ፍሎራይድ ያለው ቅብ ነው፤ በደቂቃዎች ያልቃል፤ በዓመት ከ2 እስከ 4 ጊዜ ይደገማል። የዚያን ቀን ጠንካራ ምግብ አይብላ፣ እስከ ማግስቱም አይቦርሽ። ጥርሱ አንዱን ብቻ ለይቶ የሚያመው፣ ወይም ትኩስ ጠጥቶ ሕመሙ የሚቆይበት ሰውም ቱቦ አይፈልግ፤ ቀጥታ ሐኪም ጋ ይሂድ።

ሹፌሩ ባለ 1450ውን ከፈለ። "ቦርሸህ ትፋው እንጂ በውኃ አትጉመጥመጥ፤ ይታጠብብሃል" አልኩት። ወደ ባጃጁ ስሸኘው መሪው ሥር የተወተፈ የለስላሳ ጠርሙስ አየሁ፤ ግማሽ ደርሷል።

"ይሄን መቼ ነው የምትጠጣው?"

"ከጠዋት ጀምሮ ነዋ፣ ጠብ ጠብ እያደረግሁ፤ ከዓባይ ማዶ እዚህ ድረስ።"

"ጠብ ጠብ ስታደርገው አሲዱ ቀኑን ሙሉ ጥርስህ ላይ ይውላል፤ ከምሳ ጋር በአንዴ ጨርሰው" አልኩት። ሳቀና ጠርሙሱን ከመሪው ሥር አውጥቶ ወደ ኋላ ወንበር ወረወረው።