የጣት አሻራ ወይስ አካሄድ (የእግር አረማመድ)፦ ስልክ ባለቤቱን በምን ይለይ?

ወጪ፦ አሻራ የራሱ አንባቢ ይፈልጋል። ለአካሄድ ስልኩ ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ይበቃል።

ምቾት፦ አሻራ ጣት ማስነካት ይጠይቃል፤ እጅ ከረጠበም እምቢ ይላል። አካሄድ በየእርምጃው ራሱ ያጣራል፤ ቁጭ ካሉ ግን ዋጋ የለውም።

አስተማማኝነት፦ ልዩነቱ የሚሰፋው እዚህ ነው። አሻራ ከዕድሜ ጋር ብዙም አይለወጥም። አካሄድን ግን ጫማ፣ ሸክም፣ ድካም፣ ወለምታ ሁሉ ይቀይረዋል። ተመራማሪዎች ሰውን ከቪዲዮ በአካሄዱ ለመለየት የሚጠቀሙበት ካዝያ-ቢ የተባለው የቪዲዮ ስብስብ 124 ሰዎችን በ11 የካሜራ ማዕዘን፣ ቦርሳ ይዘውና ካፖርት ደርበው ጭምር የሚያሳየውም ለዚሁ ነው።

ስጋት፦ አሻራ ከብርጭቆ ላይ ሊቀዳ ይችላል። አካሄድን ደግሞ ካሜራ ሳያስፈቅድ ከሩቅ ይወስዳል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

ገንዘብ ለማዘዋወር አሻራ ይሻላል። የተከፈተ ስልክ ከባለቤቱ ኪስ አለመውጣቱን ለመከታተል ግን አካሄድ።