ቆራሌው ሳይወስድባችሁ፦ የኮልፌውን አናጢ ላመስግን

ኮልፌ አጣና ተራ አካባቢ አንድ አናጢ አሉ። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልጽፍም፣ ራሳቸው አልፈለጉም። «ሰው ሲበዛ ሥራ ይበላሻል» ነው ያሉኝ። ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ስንገባ ሳሎናችን ባዶ ነበር። አዲስ የኤምዲኤፍ ቡፌ ብጠይቅ 32,000 ብር አሉኝ። ምናለሽ ተራ ወርጄ ስዞር አረንጓዴ ቀለም የተለቀለቀ፣ አንድ በሩ የተንጠለጠለ ቡፌ አገኘሁ። ተከራክሬ በ4,500 ወሰድኩት። ባለቤቴ ሲያየው «ይሄን እኮ ቆራሌውም በነጻ አይወስደው» አለ።

መጀመሪያ የሰጠሁት አናጢ ቀብድ ተቀብሎ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ሲለኝ ከረመ። ቡፌውን እንደነበረ መልሼ ወሰድኩ። ቀብዱማ ቀለጠ። ጋሼን የጠቆሙኝ ከዚያ በኋላ የጎረቤቴ እናት ናቸው፣ እሳቸውንም እግዜር ይስጥልኝ።

ጋሼ ቡፌውን ሲያዩ ስለ ዋጋ ምንም አላሉም። መሳቢያውን አውጥተው ገለበጡት። ከሥሩ ቀለም ያልነካው ቦታ ነበር። እርጥብ ጨርቅ አምጥተው አሸት አደረጉት። አመድ የመሰለው እንጨት ወዲያው ወደ ቀይ ቡናማ ተለወጠ፣ መስመሩም ቁልጭ ብሎ ወጣ። «ቫርኒሽ ሲነካው ይሄን ነው የሚመስለው። ዋንዛ ነው ልጄ! ማን ነው ይሄን በቀለም የደፈነው?» አሉ። የምር ተናደው ነበር።

ለማያውቅ ሰው፣ ዋንዛ ዛሬ እንደ ልብ የሚገኝ እንጨት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ያ በየቤቱ ጓዳ አቧራ የሚጠጣው አሮጌ ቁም ሳጥን ጣውላው ብቻውን ዋጋ አለው። ቆራሌው «አሮጌ ዕቃ ያለው!» እያለ ሲያልፍ ከመጥራታችሁ በፊት መሳቢያውን ገልብጡት።

ሥራቸውን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ቀለሙን ፍቀው በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው፣ የእንጨቱን መስመር ተከትለው አሹት። የምስማር ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ይደፍኑታል ብዬ ስጠብቅ፣ ከዚያው ከቡፌው የወጣውን ሰጋቱራ ሰብስበው በኮላ ለወሱት። «ስቱኮ ቫርኒሽ አይጠጣም፣ ነጭ ሆኖ ያሳብቅብሻል» አሉኝ። አሁን የቀዳዳው ቦታ የት እንደነበር ፈልጌም አላገኘው። ነቀዝ የበላው አንድ እግር ነበር። ከሥሩ አዲስ ዱቄት መርገፉን አይተው «ይሄ ገና በሕይወት አለ» አሉና በመርፌ ነጭ ጋዝ ወጉት። አልከፈት ያለውን መሳቢያ ደግሞ ጠርዙን ሻማ ቀቡት፣ በቃ። የናስ እጀታዎቹን ለእኔ ሰጡኝ፦ «በሎሚና በጨው አሽተሽ አምጪ፣ ለዚህ ገንዘብ አትክፈዪ»።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ግን ላልሠሩት ሥራ ነው። የወጥ ቤት የቺፑድ መደርደሪያም ነበረኝ፣ ውኃ ገብቶበት ከታች ያበጠ። አብረው ይጠግኑልኝ ብዬ ስለምን እንቢ አሉ። «ያበጠ ቺፑድ አይድንም። ቀለም ቀብቼ ብሰጥሽ ለወር ያምርሻል። ገንዘብሽን አልበላም።» ሌላው ቢሆን ዝም ብሎ ተቀብሎ ቀብቶ ይሰጠኝ ነበር።

ሒሳቡን ለምትጠይቁ፦ የእጃቸው 5,500፣ ቫርኒሽና ማጠፊያ 1,800። ቡፌውን፣ ሚኒ ትራኩንና ጫኝና አውራጆቹን ጨምሮ 16,000 አልሞላም። (ጫኝና አውራጆቹ «አራተኛ ፎቅ» ስላቸው የተያዩትን መተያየት ባላየሁ!)

እንከን የላቸውም አልልም። ለሚቸኩል ሰው አይሆኑም። ኤምዲኤፍ አይነኩም፣ ሶፋም አያለብሱም። ሥራ ላይ ከሆኑ ስልክ አያነሱም፣ ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ደግሞ በሩ ዝግ ነው። ነገር ግን «ኢንሻ አላህ ሐሙስ» ካሉ ሐሙስ ነው። ቀብድም የሚቀበሉት ለዕቃ መግዣ ብቻ ነው፣ ደረሰኙንም ያሳያሉ። ስትሄዱ ፎቶ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ቢያንስ አንድ መሳቢያ ወይም በር ነቅላችሁ ውሰዱላቸው። በእጃቸው ሳይነኩ ዋጋ አይናገሩም።

ጋሼ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው። የእናቴን ቁም ሳጥን ከበዓል በኋላ ይዤ እመጣለሁ፣ ተራ ያዙልኝ።