የከዚራው ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ!

ድሬዎች፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። አፕ ያላችሁ፣ ወይም አፕ የሚሰራ ልጅ ቤታችሁ ያለ፣ ይሄን አንብቡልኝ።

ሳቢያን የባልትና ሱቅ አለኝ። ደንበኞቼ በርበሬና ሽሮ የሚያዙበትን አፕ የሰራልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ደህና ይሰራ ነበር። ከነሐሴ 25 ቀን 2017 ጀምሮ ግን ጎግል ፕሌይ ለአንድሮይድ 15 ያልተዘጋጀ ማሻሻያ አልቀበልም አለ። ወንድሜም ግሬድል የሚሉትን፣ ኮዱን ወደ አፕ የሚቀይረውን መሣሪያ፣ ወደ አዲሱ ቀየረው። በቃ፣ አፑ እምቢ አለ። ስክሪኑ በቀይ ጽሁፍ ይሞላል። አንዱን ሲያስተካክል ሌላ ይመጣል።

የዞርንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። አንዱ ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን አጠፋ። ሌላው በቅጡ ሳያየው «ከዜሮ ነው የሚሰራው» ብሎ ሱቄን የሚያስሸጥ ዋጋ ጠራ። ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ወንድሜ እዚያው ቆሞ እያለ ሰውዬው «ይሄን ማን ነው የጨማለቀው?» ብሎ ጓደኞቹን ጠርቶ ሳቀበት። ልጁ ከዚያ በኋላ ላፕቶፑን መክፈት ጠላ። ብሩስ ይመጣል፤ ይሄ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

የከዚራውን ልጅ የጠቆመችኝ ደንበኛዬ ናት። አቦ፣ እንዲህም ያለ ሰው አለ! ምንም ሳይነካ በፊት ያለውን ሁሉ ኮፒ አድርጎ አስቀመጠ። ከዚያ ያንን ቀይ ጽሁፍ ሳይቸኩል አነበበው። አንዷ መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ ወንድሜን «ና፣ እያት» አለው። ግሬድል ላይ የሚገጠመው የአንድሮይድ ፕለጊን ቁጥር 8፣ ጃቫ የሚባለውን ፕሮግራም ቁጥር 17 ይፈልጋል፤ የኛ ላፕቶፕ ላይ ያለው ጃቫ ግን 11 ነው። እኔ የገባኝ ይሄው ነው። የቀረውን እነሱ ይወቁት።

«ኮድህ ምንም አልሆነም። መሣሪያው ነው የተቀየረብህ፣ እኔንም አሰቃይቶኛል» አለው። ቀጥሎ ላፕቶፑን ወደ ወንድሜ ገፋ አደረገና «አንተ ጻፈው» አለ። እሱ እየነገረው ወንድሜ ጻፈ። ቀዩ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ «ቢልድ ሰክሰስፉል» የሚል አረንጓዴ ጽሁፍ መጣ። ወንድሜ ጮኸ! እኔም ምኑም ሳይገባኝ እልል አልኩ።

ሂሳቡን ሲነግረኝ የተሳሳተ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኩት። «አብዛኛውን እኮ እሱ ነው የሰራው» አለኝ። ወንድሜ አሁን ማታ ማታ ላፕቶፑ ላይ ነው፤ እራት ሲቀርብ እንኳ አይነሳም።

ወገን፣ በየቦታው ብራችሁን አትበትኑ። መጀመሪያ እሱ ይየው። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት ደውሉ ታዲያ፤ ከምሳ በኋላ በዚህ ሙቀት ስልክ አያነሳም።