የድራየር መጠገኛ ኪት፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የልብስ ማድረቂያ ማሽን (ድራየር) መጠገኛ ኪት መግዛት ያዋጣል ወይ ለሚል መልሱን ላስቀድም። ኪቱን ግዙት፣ ፑሊውን ግን ለብቻው ፈልጉ።

ኪቱ ውስጥ አንድ ቺንጋ፣ ሁለት ሮለርና ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዝ አንድ ፑሊ አለ። ዋጋው ከ30 ዶላር በታች ነው። እኔ ባለሁበት ሜሪላንድ ቴክኒሻን መጥቶ ማሽኑን አይቶ ለመሄድ ብቻ ከዚያ በላይ ያስከፍላል። የኔ ድራየር የኤሌክትሪክ ነው፤ ወርዱ 29 ኢንች፣ ማጣሪያው ከላይ የሚመዘዝ፣ ዕድሜ የጠገበ ማሽን። እንደዚህ ያለውን አሮጌ ነገር እወደዋለሁ፤ ሞተር፣ ልብሱ የሚዞርበት ከበሮ፣ ማሞቂያና ጥቂት ፊውዝ ስለሆነ ተከፍቶ ይታያል፣ ይገባል።

በረዶው ሊገባ ሲል ሲዞር ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይዞራል ግን አያሞቅም። ዱብታው የሮለር ነው። ከበሮውን ከኋላ የተሸከሙት ሁለት ትንንሽ ሮለሮች ጎማቸው ሲያልቅ አንድ ወገናቸው ይደፈጠጣል፣ በዞሩ ቁጥር ይመታሉ።

አለማሞቁ ሌላ ታሪክ ነው። እንዲህ ሲሆንባችሁ ምንም ሳትፈቱ መጀመሪያ ብሬከሩን እዩት። ድራየር የሚሠራው በ240 ቮልት ነው፣ ብሬከሩም ባለ ሁለት ጎን 30 አምፒር ነው፤ አንዱ ጎን ከጠፋ ሞተሩ በ120 ሊዞር ይችላል፣ ማሞቂያው ግን ቀዝቃዛ ነው። የኔ ብሬከር ደህና ስለነበረ ሶኬቱን ነቅዬ በቴስተር ለካሁ። ማሞቂያው ወደ 10 ኦም አነበበ፣ እሱ ጤነኛ ነው። ሙቀት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው ፊውዝ ግን ምንም አላነበበም፣ ተቃጥሏል።

ፊውዝ ደግሞ ያለ ምክንያት አይቃጠልም። ቀይራችሁት ዝም ካላችሁ እንደገና ይቃጠላል። ማሽኑን ከግድግዳው ሳብ ሳደርገው ከበፊቱ ተከራይ የቀረው ለስላሳ የፎይል ቱቦ ተጨፍልቆ፣ ውስጡ በብናኝ ታጭቆ ነበር። አየሩ መውጫ የለውም፣ ሙቀቱ እዚያው ይታፈናል።

እኛ ቤት ጋቢና ነጠላ ይታጠባል። ጋቢ በተለይ አዲስ ሲሆን የሚያራግፈውን ጥጥ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ማጣሪያው የሚይዘው ከፊሉን ብቻ ነው። ፊቱን ፈትቼ ከበሮውን ሳወጣ ታችኛው ላሜራ በሙሉ በግራጫ ብናኝ ተነጥፏል፣ ሞተሩ ዙሪያም ሳይቀር። በአንዱ ሮለር ዘንግ ላይ የጥለት ክር ተጠምጥሞ አገኘሁ፣ አረንጓዴው ገና አልለቀቀም። በፒንሳ ነው ያወጣሁት። ይሄን ነገር ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር በቤት ድራየር ምክንያት በዓመት ወደ 2,900 እሳት እንደሚነሳ ጽፏል፣ ዋናው መነሻም አለማጽዳት ነው።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ካቻቢቴ፣ ቺያቤ፣ ቫኩምና ወፍራም ጓንት ይበቃል። ጓንቱን አትተዉት፣ የላሜራው ጠርዝ እጅ ይቆርጣል። ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። የሚያስቸግረው ቺንጋው ነው፤ ባለ መስመሩ ጎን ወደ ከበሮው ሆኖ ዙሪያውን ይታሰራል፣ ከዚያ እጃችሁን ከታች ሰዳችሁ ፑሊውን ወደ ጎን እየገፋችሁ ሞተሩ ጫፍ ላይ ታስገቡታላችሁ። ሳትዘጉት ከበሮውን አንድ ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩት፤ ቺንጋው ከተንሸራተተ ያኔውኑ ይታያል።

አሁን ወራት አልፈዋል። ሮለሮቹ ድምፅ የላቸውም። ቺንጋውን በቅርቡ ከፍቼ አየሁት፣ ስንጥቅ የለውም፣ ጠርዙም አልተበላም። ፑሊው ግን ብዙ ሳይቆይ መጮኽ ጀመረ። በተለይ ማሽኑ ሲሞቅ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ያወጣል፣ ሌሊት ለሚያጥብ ሰው ደግሞ ጎረቤት ያስቀይማል። ፈትቼ ሳየው መሐሉ ያለው ፕላስቲክ ሰፍቶ ዘንጉ ላይ ይወዛወዛል። የማሽኑ አምራች የሚሸጠውን ፑሊ ለብቻ ገዝቼ ቀየርኩት፣ ከዚያ ወዲህ ፀጥ ብሏል። ሻጩ ኪቱን አሻሽሎ ይህን አንድ ዕቃ ቢያስተካክል ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ኪቱ ውስጥ የሌለው ነገር ነው፤ የፎይሉን ቱቦ ጥዬ ባለ 4 ኢንች ጠንካራ የብረት ቱቦ አስገባሁ፣ መታጠፊያውንም ቀነስኩ። ድሮ ሁለቴ ካልዞረ የማይደርቅ ጋቢ ዛሬ በአንዴ ይወጣል። የቀየርኩት ፊውዝም እስካሁን አልተቃጠለም። እናንተም ማሽኑ እየሠራ ውጭ ወጥታችሁ የአየር መውጫው ክዳን ላይ እጃችሁን ዘርጉ። ነፋሱ ደካማ ከሆነ ወይም ክዳኑ በደንብ ካልተከፈተ ቱቦው ተዘግቷል ማለት ነው፣ ኪት ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ጥረጉ።

የጋዝ ድራየር ያላችሁ ሮለርና ቺንጋ መቀየር ትችላላችሁ፣ የጋዙን መስመር ግን ለባለሙያ ተዉት። ተከራይ ከሆናችሁና ማሽኑ የአከራዩ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩት። ኪት ስታዝዙ ደግሞ መልኩን አይታችሁ አትግዙ፤ በሩን ስትከፍቱ ዳር ላይ የተለጠፈ የሞዴል ቁጥር አለ፣ በእሱ ፈልጉ።