ሆብዮን በሳተላይት ካርታ፦ ሦስት ኮከብ

ነፃ አፕ ስለሆነ ብዙ አልጮህበትም። ግን ስለ ሶማሊያ የባሕር ላይ ወንበዴዎች ሲወራ ሰምቶ ቦታውን አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ስልኩ ላይ ያለውን የሳተላይት ካርታ ቢከፍት ያዋጣዋል ወይ? በሶማሊያዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ በሆብዮ ሞከርኩት። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ምስሉን ወድጄዋለሁ። ሆብዮ ከሞቃዲሾ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በቀጥታ መስመር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሕንድ ውቅያኖስ ከፊቷ፣ የአሸዋ ክምር ከኋላዋ። አቅርባችሁ ስታዩ አሸዋው ቤቶቹ መሃል ገብቷል፤ ከተማዋን ቀስ በቀስ እየዋጣት እንደሆነ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። የድሮ ወደብ ልፈልግ ካላችሁ ግን ጣታችሁ ይደክማል። መርከብ ከማዕበል የሚጠለልበት ገባ ያለ ቦታ እንኳ የለም፣ ዝም ብሎ የተዘረጋ ዳርቻ ነው።

ለወንበዴ ግን ወደብ ምን ያደርግለታል? የጠለፈውን መርከብ ከዳርቻው ፈቀቅ አድርጎ መልሕቅ ያስጥለዋል፣ ምግቡም ጫቱም በትንንሽ ጀልባ ይመላለሳል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ በስልክ መደራደር ነው። በ1991 መንግሥት ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ «ምን እየሠራችሁ ነው?» ብሎ የሚመጣ አልነበረም። ፋይና የምትባለው የዩክሬን ጭነት መርከብ 33 ቲ-72 ታንክ እንደጫነች በሴፕቴምበር 2008 ተጠልፋ ሆብዮ ፊት ለፊት የቆመችው እንዲህ ነው። የተለቀቀችው በፌብሩዋሪ 2009፣ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ከተከፈለ በኋላ። ታንክ እኮ ነው! እነሱ የፈለጉት ግን ዶላሩን ነበር።

ከሁሉም የተመቸኝ ርቀት መለኪያው ነው። ሲሪየስ ስታር የተባለው የሳዑዲ ነዳጅ ጫኝ 330 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። 2 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ እንደያዘ በኖቬምበር 2008 ተጠልፎ፣ ከሆብዮ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሃራዴሬ በኩል ቆሞ ነበር። 330 ሜትር መስመር አስምሩና ሆብዮ ላይ አጋድሙት። ከሥሩ የገቡትን ጣሪያዎች ቁጠሩ። ዜናው «ግዙፍ መርከብ» ሲል ምን ማለቱ እንደነበር ያኔ ይታያችኋል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ስለ ከተማዋ ምልክትና ስም ብቻ ነው ያለው፣ አለቀ። ይቺ ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዩሱፍ አሊ ኬናዲድ ሱልጣኔት መቀመጫ ነበረች። ሱልጣኑ በ1888 ግዛቱን በጣሊያን ጥበቃ ሥር የሚያስገባ ውል ተፈራረመ፤ በ1903 እንግሊዞች ቅኝ ገዢዎችን ይዋጋ የነበረውን የሶማሌ መሪ ሰይድ መሐመድ አብዱሌ ሐሰንን ሊወጉ ጦራቸውን ያወረዱትም እዚሁ ነው። በ1920ዎቹ ጣሊያን ሱልጣኔቱን ራሱን አፈረሰው። ከዚህ ሁሉ አንድ መስመር እንኳ የለም።

የአስተያየት ክፍሉንማ ባታዩት ይሻላል። «መርከቤን ወሰዱብኝ፣ መስተንግዶው ግን አሪፍ ነው» ዓይነት ቀልድ ሞልቶታል። እዚያ እኮ ዓሣ አጥምዶ የሚያድር ሰውም አለ። የውጭ መርከቦች ጠባቂ በሌለው ባሕር ገብተው ዓሣችንን ሲዘርፉ ነው ውንብድናውን የጀመርነው የሚሉ ወንበዴዎች ነበሩ። ቅሬታው እውነት አለው፣ ግን ነዳጅ ጫኙ ምን ዓሣ አጠመደ?

ሌላው ችግር ምስሉ መቼ እንደተነሳ አለመጻፉ ነው። ውንብድናው በ2011 አካባቢ ጣራ ነክቶ፣ የጦር መርከቦችና የታጠቁ ጠባቂዎች ሲበዙ ወርዶ፣ በ2023 መጨረሻ እንደገና ብቅ ያለ ነገር ስለሆነ የትኛውን ጊዜ እያየሁ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። በኮምፒውተር የድሮ ምስል ወደ ኋላ እየመለሱ ማየት ይቻላል፣ እኔ በስልክ በሞከርኩት አፕ ላይ ግን አላገኘሁትም። ዳታም ይበላል፣ ዋይፋይ ስታገኙ ክፈቱት። ያቺን የዓመት ማንሸራተቻ እዚህ አፕ ላይ ካመጡልን አራተኛውን ኮከብ እጨምራለሁ።