የሮቸስተርን ግንብ ልታዩ ካሰባችሁ ይህን «ሙሉ ጉብኝት» አትግዙ

እንግሊዝ አገር፣ ኬንት ውስጥ ያለውን የሮቸስተር ግንብ ለማየት ያሰበ ካለ፣ ኦንላይን «ሙሉ የግንብ ጉብኝት ከታሪክ አዋቂ አስጎብኚ ጋር» እየተባለ ለሚሸጠው ጥቅል ከመክፈሉ በፊት ይህን ያንብብ። የሻጩን ስም አልጠራም። ስም ዛሬም ነገም ይቀየራል፣ ዘዴው ግን ያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቡን የከበበው መስክ ለማንም ክፍት ነው፤ በነፃ። ትኬት የሚጠየቀው ዋናው ማማ ውስጥ ለመግባት ነው። ማስታወቂያው ታዲያ «ግንቡን ይጎብኙ» ይላል እንጂ «ማማው ውስጥ ይገባሉ» አይልም። አስጎብኚው ሣሩ ላይ ሰብስቦን ዣንጥላውን ወደ ላይ እየቀሰረ ወሬውን ቀጠለ። ወደ በሩ ጠጋ ስንል «መግቢያው ለብቻው ይከፈላል» አለን። በነፃ የሚረገጥ ሣር ተሸጠልን ማለት ነው! ቅሬታ ስጽፍላቸው የውሉን ደንብ ላኩልኝ። እውነትም መጨረሻ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «መግቢያን አያካትትም» ይላል። ገንዘብ ተመላሽ የሚባል ነገር የለም።

ገንዘቡስ ይሁን። ይበልጥ ያበሸቀኝ ወሬው ነው። ከላይ የፈላ ዘይት ይደፋ ነበር አለ። ጠመዝማዛው ደረጃ ወደ ቀኝ የሚዞረው የሚወጣው ጠላት ሰይፉን እንዳያወዛውዝ ነው አለ። የምስጢር ዋሻም ጨመረበት። ይህ በየፍርስራሹ ግንብ የሚደገም ተረት ነው። ዘይት በዚያ ዘመን ውድ ነበር፤ ድንጋይና የፈላ ውኃ እያለ ማን ያባክነዋል? ወደ ግራ የሚዞሩ ደረጃዎች ያሏቸው ግንቦችም አሉ።

እውነተኛው ታሪክ እኮ ከተረቱ ይበልጣል። ደግሞ ከውጭ ሆኖ እንኳ ይታያል። ማማውን አንዴ ዙሩት። ሦስቱ ማዕዘኖቹ አራት ማዕዘን ናቸው፤ በደቡብ በኩል ያለው ብቻ ክብ ነው። ለምን? ማማውን እ.ኤ.አ. በ1127 ገደማ ማሠራት የጀመረው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ነው። በ1215 የእንግሊዝ ንጉሥ ጆን የንጉሡን ሥልጣን በሚገድበው ሰነድ፣ በማግና ካርታ ጉዳይ ከመኳንንቱ ጋር ሲጣላ ዐመፀኞቹ ግንቡን ያዙት። ንጉሡ ከበባቸው። ወታደሮቹ ከማዕዘኑ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው ጣሪያውን በእንጨት ደገፉት። ከዚያ ንጉሡ ደብዳቤ ጻፈ፦ ለመብል የማይረቡ፣ ስባቸው የበዛ 40 አሳማዎች ይላኩልኝ አለ። በስቡ እሳቱ ነደደ፣ ድጋፉ ተቃጠለ፣ ማዕዘኑ ተናደ። ተከላካዮቹ ግን ወዲያው እጅ አልሰጡም። ማማውን ለሁለት ከሚከፍለው የውስጥ ግድግዳ ጀርባ አፈግፍገው ተዋጉ፤ በመጨረሻ ያንበረከካቸው ረሃብ ነው። ከበባው ሰባት ሳምንት ያህል ፈጅቷል። የፈረሰውን ማዕዘን በኋላ የሠሩት ክብ አድርገው ነው። ዣንጥላ የያዘው ሰውዬ ስለ አሳማዎቹ ትንፍሽ አላለም።

በራሳችሁ ትኬት ከገባችሁ ደግሞ ያ የውስጥ ግድግዳ አሁንም ቆሟል። ጣሪያም ወለልም የለም፤ ቀና ስትሉ ሰማይ ነው። የወለሉ ተሸካሚ እንጨቶች የገቡባቸው ቀዳዳዎች በግድግዳው ላይ ተደርድረው ይታያሉ። የምድጃዎቹም አፍ ከራስ በላይ፣ ባዶ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ይህን ሳያዩ መመለስ ነው ኪሳራው።

ስለዚህ ትኬቱን ግንቡን ከሚያስተዳድረው አካል ገጽ በቀጥታ ግዙ። ማማው በዚያ ቀን ክፍት መሆኑንም እዚያው አረጋግጡ፤ በአየር ጠባይ ወይም በጥገና የሚዘጋበት ጊዜ አለ። አስጎብኚ ከፈለጋችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ በጽሑፍ ላኩለት፦ «ማማው ውስጥ አብረኸን ትገባለህ? ትኬቱስ በዋጋው ውስጥ ነው?» «አዎ» ብሎ ካልመለሰ እለፉት።

ቀድሞ የከፈለ ካለ ደግሞ የማስታወቂያውን ገጽ አሁኑኑ ስክሪንሾት ያንሳ፤ እኔ ቅሬታ ካቀረብኩ በኋላ «ሙሉ» የሚለው ቃል ከገጹ ላይ ጠፍቷል። በካርድ ከከፈላችሁ ምስሉን ይዛችሁ ባንካችሁን ጠይቁ። እኔም ጠይቄ መልስ እየጠበቅሁ ነው።